አንድ ገጽ ስለ እግር

ማስታወቂያው የተለጠፈው ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከጤና ጽሕፈት ቤቱ በር አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ነበር። የሰሌዳው መስታወት ግማሹ ተሰብሮ ዝናብ ስለሚገባበት የቆየው ወረቀት ሁሉ ቢጫ ሆኗል፤ ይኸኛው ግን ገና ነጭ ነበር። የአስረኛ ክፍል ውጤት ከመጣ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። እኔና አብራኝ አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ የተማረችው ጓደኛዬ መሰናዶ የሚያስገባ ነጥብ ስላላመጣን፣ ጠዋት ጠዋት ከሰሌዳ ሰሌዳ እየዞርን ማንበብ ሥራችን ሆኖ ነበር። እኔን መሰናዶ ያመለጠኝ ከእሷ ባነሰ ልዩነት ነው። ይህን የምጽፈው እሷ ስታወራው እኩል ስለምታደርገው ነው።

የማስታወቂያው ርእስ «የእግር ሕክምናና እንክብካቤ ሥልጠና» ይላል። አንድ ዓመት ይፈጃል፤ ከእኛ ዞን የሚወሰዱት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። የሚያስፈልገው ነገር ከሥር ተዘርዝሯል፦ የአስረኛ ክፍል ውጤት፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ እግር በሚታከምበት ቦታ ቢያንስ አንድ ወር በነጻ ስለማገልገል በታሸገ ፖስታ የሚቀርብ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ደግሞም «ይህን ሙያ ለምን መረጥሁ» የሚል በአመልካቹ በራሱ እጅ የተጻፈ አንድ ገጽ። ከዚያ በኋላ ቃለ መጠይቅ አለ።

«ለእግር ብቻ?» አለች ጓደኛዬ። «ዐይን ይሁን፣ እሺ። ጥርስ ይሁን፣ እሺ። እግር ምን የሚጠና ነገር አለውና ነው ዓመት የሚፈጀው?»

አጠገባችን ቆሞ የጨረታ ማስታወቂያ ያነብ የነበረ ሰውዬ ዞር እንኳ ሳይል «ቡሬ ብትሄጅ ለአሥር ዓመትም የሚበቃ እግር አለልሽ» አላት።

ሰውዬው እውነቱን ነው። በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ያለው አገራችን አፈሩ ቀይ ነው። በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ሰው፣ ዕድሜው ገፋ ሲል አንዳንዱን እግሩ ያብጠዋል። መጀመሪያ ማታ ማታ ያቃጥለዋል፤ ከዚያ ቆዳው እየደደረ ይሄዳል፤ ከዚያ ጣቶቹ መሐል ይቆስልና መሽተት ይጀምራል። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ አጥሩ ሥር ይቆማል፤ ድግስ ሲጠራ «ታምሜያለሁ» ብሎ ይቀራል። ሰው ሁሉ ዘር ነው ስለሚል፣ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሎቹ ከመሬቱም ከከብቱም በፊት ቀስ ብለው የሚያጣሩት የዘመድ አዝማዱን እግር ነው። ይህን ሁሉ እንደማንኛውም የአገሬ ልጅ አውቀው ነበር። ትምህርት ቤት ያለው ነገር መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

ለምን እንደፈለግሁት እውነቱን ከተናገርሁ፣ መጀመሪያ የሳበኝ «በራሱ እጅ» የሚለው ነው። የእጅ ጽሕፈቴ ያምራል። ሌላው ምክንያት አባቴ ነው። ውጤቴን የነገርሁት ዕለት ብዙም አልተናገረም። «ኅዳር ሲገባ አጨዳ ነው» አለኝ። «እስከዚያ ትምህርት ካገኘሽ አገኘሽ። ካላገኘሽ የቤት ኪራዩን እንተወውና ወደ ቤትሽ ትገቢያለሽ።» ወደ ቤት መግባት ምን እንደሚያስከትል እሱም አልተናገረ፣ እኔም አልጠየቅሁ። ከእኔ በፊት የገቡት ሁለት የአጎቴ ልጆች አሁን አንዷ ደምበጫ፣ አንዷ ቋሪት የየራሳቸው ጎጆ አላቸው። ደስተኞች ይመስላሉ። እኔ ግን አንዷንም መሆን አልፈለግሁም።

የቀበሌውን ደብዳቤ ለማውጣት ቀላል መስሎኝ ነበር። ሊቀ መንበሩ መዝገቡን ገለጠና ጣቱን በአባቴ ስም ላይ አሳርፎ «ሽንት ቤት ቆፍራችኋል?» አለኝ።

«ቆፍረናል።»

«በር አለው?»

«ጆንያ ተሰቅሎበታል።»

«ጆንያ በር አይደለም። ደግሞ ጤና ልትማሪ!» ብሎ መዝገቡን ዘጋው። አባቴ በሩን በሦስት ቀን ሠርቶ ገጠመው፤ ደብዳቤው በአራተኛው ቀን ወጣ። እናቴ እስከ ዛሬ የእግሩን ትምህርት የምታመሰግነው በዚያ በር ነው።

አንዱን ገጽ በተመለከተ አባቴ የራሱ ሐሳብ ነበረው። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ጃንጥላ ዘርግተው፣ የጽሕፈት መኪና ጠረጴዛ ላይ አኑረው የሚውሉ ማመልከቻ ጸሐፊ አሉ። የድንበር ክርክር የነበረበት ጊዜ ማመልከቻውን የጻፉለት እሳቸው ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ አባቴ የእሳቸው እጅ ያልነካው ወረቀት ጆሮ የሚያገኝ አይመስለውም። በገበያ ቀን ይዞኝ ሄደና «ልጄ ናት፤ አሳምረህ ጻፍላት» ብሎ ከወንበሩ ላይ አስቀምጦኝ ወደ ገበያው ሄደ።

ጸሐፊው ሁለት ወረቀት መሐላቸው ካርቦን አድርገው አስገቡና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ።

«ተጠሪው ማነው?»

«ተጠሪ የለም ጋሼ። ለትምህርት ነው የማመለክት።»

«ትምህርቱን የከለከለሽ ማነው?»

«ማንም አልከለከለኝም።»

«ታዲያ ምን ሆንሁ ብለሽ ነው የምታመለክች?»

አስረዳኋቸው። እግር አሉ፣ ሕክምና አሉ፣ አንድ ገጽ አሉ፤ እያንዳንዱን እየደገሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ «ገብቶኛል፣ ገብቶኛል» ብለው መምታት ጀመሩ። ያን ያህል ሲፈጥኑ አይቼ የገባቸው መስሎኝ ነበር። ሁለት ገጽ ሞሉ። አንድ ገጽ ነው የተባለው ስላቸው «ሁለተኛው አባሪ ነው» አሉኝ።

አባቴ ሲመለስ የፈረስ ጋሪ መቆሚያው አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥንና አንብቢልኝ አለኝ። አባቴ ማንበብ አይችልም፤ ሲነበብለት ግን እንደ ወንጌል ራሱን አዘንብሎ ነው የሚያዳምጠው። አነበብሁለት፦ «አመልካች ገና በለጋ ዕድሜዬ እናትና አባቴን በሞት ተነጥቄ፣ ሰብሳቢ ዘመድ የሌለኝ ብቸኛ በመሆኔ...»

«ማን ነው የሞተ?» አለኝ።

«እማዬና አባዬ።»

ከዚያ ተነሥቶ መንገዱን ተሻገረ፤ እኔም ተከተልሁት። ጸሐፊው ሌላ ባለጉዳይ አስቀምጠው ነበር።

«ስማ ወዳጄ፣ እኔን መቼ ነው የቀበርኸኝ?»

«ለልጅህ ብዬ እኮ ነው!» አሉ ጸሐፊው ሳይደነግጡ። «አባት ላላት ልጅ ማን ያዝናል? በሁለት ገጽ አላቅሼልሃለሁ።»

«ለልጄ ብለህ ሌላ ሰው ግደል።»

«እሺ እናቲቱን ላንሣት። አንተን ግን ተወው፤ ጽሑፉ ይላላል።»

«ሁለታችንንም አንሣን!» አለ አባቴ። ተራ ይጠብቅ የነበረው ባለጉዳይ፣ ጋቢውን በአፉ ላይ ይዞ ይስቅ ነበር። ጸሐፊው እያጉረመረሙ በእስክሪብቶ እናትና አባቴን ሠረዟቸው፤ ማለቴ ሞታቸውን ሠረዙት። ቤት ስገባ ጓደኛዬ ማስታወቂያውን ከገለበጥንበት ደብተር ላይ ጣቷን አሳርፋ «በራስ እጅ ነው እኮ የሚለው» አለችኝ። እሱንማ አውቀው ነበር። አባቴን ከፍርድ ቤቱ በር ለመመለስ ግን ከእኔ የበረታ ሰው ያስፈልግ ነበር።

ለአንድ ወሩ አገልግሎት ቡሬ ሄድሁ። ከቤታችን ቡሬ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። እግር የሚታጠብበት ቤት ከአንድ ጤና ጣቢያ ጀርባ ያለ የቆርቆሮ ክፍል ነው፤ በግድግዳው ዙሪያ አግዳሚ ወንበር፣ በእያንዳንዱ መቀመጫ ፊት የፕላስቲክ ሳፋ። የምትመራው አንዲት ሲስተር ናት። ከዳንግላ በኩል የመጣች የአገው ልጅ ስትሆን፣ ከዚያ ወገን የመጡ እናቶች ሲገቡ ቋንቋዋን ለወጥ ታደርግና የማይሰማኝን ነገር ተባብለው ይሳሳቃሉ። በአማርኛ ግን ስትስቅ ብዙ ጊዜ አላየኋትም።

የመጀመሪያውን ሳምንት እግር አላስነካችኝም። ውኃ አመላለስሁ፤ ሳፋ አጠብሁ። «መጀመሪያ ዐይንሽ ይልመድ» አለችኝ። «አፍንጫሽንም አትያዥ። በአፍሽ ተንፍሽ፤ ያዩሻል።»

በሁለተኛው ሳምንት ጓንት ሰጠችኝ። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። ውኃው ውስጥ ጥቂት ጠብታ በረኪና ይገባል፤ እግሩ ሃያ ደቂቃ ያህል ይዘፈዘፋል፤ በሳሙና ይታጠባል፤ ከዚያ በየጣቶቹ መሐል አንድ ጠብታ ሳይቀር ይደርቃል። ዋናው ነገር ማድረቁ ነው። እርጥበት የቀረበት ቦታ ነገ ቁስል ነው። ቫዝሊን ይቀባል፤ ካስፈለገ በፋሻ ይጠቀለላል፤ ካልሲና ጫማ ይጠለቃል። ሲስተር ለእያንዳንዱ ሰው ያንኑ ቃል ትደግማለች፦ «ዘር አይደለም፤ አፈር ነው። ጫማ።» ሰዎቹ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ ግማሾቹ ኮንጎ ጫማቸውን በፌስታል ይዘው በባዶ እግራቸው የመጡ ናቸው፤ ጫማው እንዳይቆሽሽ።

ብዙዎቹ ሲገቡ እግራቸውን በጋቢ ይሸፍናሉ። አንዲት ሴትዮ ሁልጊዜ «ለጎረቤቴ መድኃኒት ልወስድ ነው» እያለች ገብታ ትቀመጥና፣ በሩ ሲዘጋ ብቻ የራሷን እግር ታወጣለች። ሲስተር አንድም ቀን «ጎረቤትሽ ራሷ አትመጣም ወይ» ብላ አልጠየቀቻትም። እኔ ልጠይቃት ብዬ አፌን ስከፍት ሲስተር ስላየችኝ ዘጋሁት።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ሽማግሌ መጡ። ከቡሬ ወዲያ፣ ወደ በረሃው መውረጃ ካለ ቀበሌ በሌሊት ተነሥተው በዘንግ እየተደገፉ ነው የመጡ። ሁለቱም እግራቸው አብጧል፤ ቀኙ ይብሳል። ሳፋው ውስጥ ሲያስገቡት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ ውኃውን ስለውጥላቸው «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

ነገርኋቸው። አባቴን አያውቁትም፤ አያቴን ያውቃሉ።

«አያትሽን አንድ ክረምት አብሬው አርሻለሁ» አሉ። «ሞገደኛ ነበር። በሬውን እንኳ ይሰድበው ነበር። አንች ግን ትዕግሥተኛ ነሽ፤ እናትሽን ነው የወጣሽ።»

እናቴን አይተዋት አያውቁም። ግን ደስ አለኝ። አጠብሁ፣ አደረቅሁ፣ በየጣቱ መሐል ደግሜ አደረቅሁ፣ ቫዝሊን ቀባሁ። ሽማግሌውም «እደጊ፣ ልጅ ውለጂ፣ ሳሚ» እያሉ ሲመርቁኝ፣ ጎንበስ አልሁና እግራቸውን ሳምሁት።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በእኛ ቤት እንግዳ ከመንገድ ሲገባ እግሩ ይታጠባል። የሚያጥበው የቤቱ ልጅ ነው፤ እኔ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አጥቤያለሁ። እንግዳው እያጫወተሽ፣ የማን ልጅ እንደሆንሽ እየጠየቀሽ ታጥቢያለሽ፤ ሲያልቅ ይመርቅሻል፤ አንች ደግሞ ጎንበስ ብለሽ እግሩን ትስሚያለሽ። ምርቃቱና መሳሙ አንድ ላይ ነው የሚሄዱ። ሽማግሌው ሲመርቁ የእኔ አንገት ራሱ ጎነበሰ። ያወቅሁት ከንፈሬ ላይ ቫዝሊኑ ሲሰማኝ ነው።

እሳቸው እግራቸውን ቶሎ ሰብስበው በጋቢያቸው ሸፈኑት። ሲስተር ከክፍሉ ማዶ አየችኝ። ክንዴን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችኝ።

«ምን አደረግሽ?»

ከንፈሬን በእጅጌዬ ጠረግሁ።

«በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይሄድም፤ ቁስሉ ግን ያመረቅዛል። አፍሽ ላይ ያለው እሳቸው ላይ፣ እሳቸው ላይ ያለው አፍሽ ላይ! አልነገርሁሽም?»

«ነግረውኛል ሲስተር።»

«ታዲያ?»

«ሲመርቁኝ ጊዜ...»

«እዚህ ቤት እንግዳ የለም። ታካሚ ነው ያለው። ዛሬ ይበቃሻል፤ ሂጂ።»

ከበሩ ውጭ ያለ ግንድ ላይ ተቀመጥሁ። ያሰብሁት ስለ ሽማግሌው አልነበረም፤ ስለ ታሸገው ፖስታ ነው። ያለ ሲስተር ደብዳቤ ማመልከቻ የለም፤ ማመልከቻ ከሌለ አጨዳ ነው። ሽማግሌው በፋሻ ተጠቅልለው፣ እዚያው የተሰጣቸውን አዲስ ጫማ አጥልቀው እያዘገሙ ሲወጡ አጠገቤ ቆሙ።

«ተቆጣችሽ?»

«አዎ አባባ።»

«ልክ ናት» አሉ። ጥቂት ሄዱና ዘንጋቸውን ተደግፈው ዞሩ። «እኔ ግን አልተቆጣሁም።»

በሚቀጥለው የሥራ ቀን ሲስተር አታስገባኝም ብዬ እየሠጋሁ ሄድሁ። ምንም ሳትናገር ሳፋ ሰጠችኝ። የቀረውን ጊዜ እንደዚያው ሠራሁ፤ ሰው ሲመርቀኝ አንገቴን ቀጥ አድርጌ «አሜን» እላለሁ። ወሩ ሲያልቅ ነጭ ፖስታ ሰጠችኝ፤ የታሸገበት ላይ ማኅተሙ ግማሹ በክዳኑ፣ ግማሹ በፖስታው አርፏል።

«ምን ብለው ጻፉ ሲስተር?»

«ያየሁትን» አለችኝ።

ያን ፖስታ ይዤ ፍኖተ ሰላም ተመለስሁ። ማስገቢያው ቀን አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። ጓደኛዬ ፖስታውን በብርሃን ላይ ይዛ አየችው፤ ምንም አይታይም። «በእንፋሎት ይከፈታል» አለች። «ጀበናውን ልጣደው?»

«ማኅተሙ ቢፈስስ?»

«እሱስ ይፈስሳል» ብላ መለሰችልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲስተር መሳሜን ከጻፈችና እኔ በገጼ ካላነሣሁት፣ የደበቅሁ እሆናለሁ። ሲስተር ካልጻፈችና እኔ ካነሣሁት፣ ራሴን የከሰስሁ እሆናለሁ። ሁለት ቀን ስለ ሌላ ነገር ለመጻፍ ሞከርሁ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሕዝቤን ለማገልገል» ብዬ ጀመርሁ፤ ይህ ውሸት ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የፈለግሁት ቀይ ጫማ ነበር። «የጤና ጥቅም ለማንም ግልጽ ነው» ብዬ ጀመርሁ፤ ለማንም ግልጽ ከሆነ ለምን እጽፈዋለሁ? አምስት ወረቀት ቀደድሁ። በስድስተኛው ላይ ስለ ሽማግሌው ጻፍሁ። ያን ጊዜ እጄ አልቆመም። ዐረፍተ ነገሩ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ሲመጣ የራሴ መሆኑን ለማመን መልሼ መልሼ አነብበው ነበር። አንድ ገጽ ሊሞላ ሦስት መስመር ሲቀረው እንዲህ ብዬ ጨረስሁት፦

«እግራቸውን መሳሜ ስሕተት ነበር። ለምን ስሕተት እንደሆነ ሲስተር አስረድታኛለች። እሳቸው ግን እግራቸውን በጋቢ የሸፈኑት ለምን እንደሆነ እስካሁን በደንብ አላወቅሁም። አፍረው ይሁን፣ ለእኔ ፈርተው ይሁን፣ ወይም ከስንት ዓመት በኋላ የሳማቸው ሰው ስላገኙ ይሁን አላውቅም። የሚያስተምረኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

ጓደኛዬ አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን በሁለት ጣት ይዛ መለሰችልኝ። «ከዚህስ ማመልከቻ ጸሐፊው ይሻሉሽ ነበር» አለችኝ። «እሳቸው ቢያንስ የገደሉት ሌላ ሰው ነው።»

አስገባሁት።

ለቃለ መጠይቅ የተጠራነውን ሁሉ ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ውጭ ያለው ዛፍ አላስጠለለንም፤ ግማሾቻችን ፀሐይ ላይ ነበርን። እያንዳንዱ የሌላውን ፋይል በዐይኑ ይመዝናል። አንዲት ቆንጆ ጫማ ያደረገች ልጅ ገጿን በኮምፒዩተር አስጽፋ አስገብታ ኖሮ ቅጂውን በላስቲክ አሽጋ ይዛ መጥታለች። «በራስ እጅ ነው» ብሎ አንዱ ሲነግራት፣ ከሰው ጉልበት ላይ ደብተር ተውሳ መገልበጥ ጀመረች። ስሟ ሲጠራ ገና ግማሹን ነበር የገለበጠችው። አዘንሁላት፤ ደግሞም አንድ ሰው ቀነሰ ብዬ አሰብሁ። ሁለቱንም እኩል ነው ያሰብሁት።

ጠያቂዎቹ ሦስት ናቸው፦ ጸጉራቸው የሸበተ ሐኪም፣ ሥልጠናውን ከሚሰጠው የባሕር ዳር ኮሌጅ የመጡ አንዲት መምህርት፣ ደግሞ ከዞኑ የመጣ አንድ ወጣት ሠራተኛ፤ እሱ ስልኩን ከጠረጴዛው ሥር ይዞ ይነካካል። ሐኪሙ ገጼን ፊታቸው ዘርግተው ነበር። ከጎኑ የሲስተር ደብዳቤ ተከፍቶ ተቀምጧል።

«ይህ ስለ መሳም የጻፍሽው» አሉኝ፣ «በሲስተር ደብዳቤ ላይ አንድም ቃል የለም። ለምን ጻፍሽው?»

ደብዳቤውን ከማዶ ለማንበብ አንገቴን አሰገግሁ።

«ሲስተር የጻፉት መስሎኝ ነው» አልሁ።

መምህርቷ ሳቃቸውን ለመያዝ ሲሉ አሳሉ። ሐኪሙ አልሳቁም። «እሳቸው እንዳልጻፉት ብታውቂስ?»

«ሌላ የምጽፈው አልነበረኝም። አምስት ጊዜ ሞክሬያለሁ።»

አሁን መምህርቷ ወደ ፊት ጠጋ አሉ። «እሺ። ታክመሽ ጨረስሽ፣ ማለቴ አክመሽ ጨረስሽ እንበል። ሽማግሌው መረቁሽ፤ እግራቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። ዝም ብትያቸው የተጸየፍሻቸው ይመስላቸዋል። ምን ታደርጊያለሽ?»

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ራሴም ጠይቄው አላውቅም። ግን መልሱ ከምላሴ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ጉልበታቸውን እስማለሁ።»

«ጉልበት?»

«ጉልበት አይቆስልም። መሳሙም ያው አክብሮት ነው። ካልሲና ጫማቸውን ካጠለቅሁ በኋላ፣ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ።»

የዞኑ ሠራተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስልኩ ቀና አለ። «ጓንትሽስ?» አለኝ።

«መጀመሪያ ጓንቴን አወልቃለሁ፤ እጄን በሳሙና እታጠባለሁ፤ ከዚያ ነው የምስመው።»

ሐኪሙ አንድ ነገር ጻፉ። ከዚያ የእግር አስተጣጠቡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቅደም ተከተል አስቆጠሩኝ። ማድረቁ ላይ ስደርስ ድምፄ ከፍ እንዳለ ይሰማኝ ነበር።

ውጤቱ ከዚያው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ሁለት ስም አለ፤ ሁለቱም የእኔ አይደሉም። ከሥራቸው መስመር ተሰምሯል፤ ከመስመሩ ሥር «ተጠባባቂ» ይልና የእኔ ስም ብቻውን አለ። ስሜን ቆሜ አየሁት። ተጠባባቂ መሆን ደስ ሊያሰኝ ነው ወይስ ሊያስከፋ ነው የሚገባው? አልገባኝም።

«ተጠባባቂ ማለት» አለች ጓደኛዬ፣ «ሚኒባሱ ሞልቶ አንች በሩ ላይ ቆመሽ ረዳቱን የምታይው ማለት ነው።»

«ረዳቱ ምን ይላል?»

«ምንም አይልም። በሩን ይዘጋል።»

ኅዳር ገባ። እቃዬን በአንድ ጆንያ ይዤ ወደ ቤት ገባሁ። ለእናቴ ተጠባባቂ የሚለውን ሳስረዳት «እና አለፍሽ ወይስ ወደቅሽ?» አለችኝ፤ ሁለቱም አይደለም ስላት ወደ አባቴ ዞራ «ይህች ልጅ አልነገረችንም እንጂ ወድቃለች» አለችው።

ቀን ጤፍ እያጨድሁ በሳምንት አንድ ቀን ግን ቡሬ እሄድ ነበር። ማንም አላስገደደኝም። ሲስተርን አንድ ቀን ሳፋ እያጠብን ጠየቅኋት።

«ያየሁትን ጻፍሁ ብለውኝ አልነበር? ስለዚያ ቀን ግን አልጻፉም።»

«ከዚያ ቀን በኋላ ስንት እግር አጠብሽ?»

«ብዙ።»

«ስንቱን ሳምሽ?»

«አንድም።»

«እሱን ነው ያየሁት» አለችኝና ሳፋውን ገለበጠችው። ይህን ቀድማ ብትነግረኝ ኖሮ ገጼ ሌላ ገጽ ይሆን ነበር፤ ምናልባትም ቀይ ጫማ ስለመፈለጌ እጽፍ ነበር።

ነዶ ወደ ክምር የምናመጣበት ሳምንት ላይ፣ ከወፍጮ ቤት የተመለሰች ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ ጠራችን። ከመንገዱ ዳር ያለው ባለሱቅ ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ስልክ ተደውሎለት «ለዚያች እግር ለምታጥበው ልጅ ንገርልኝ» ተብሏል። ካለፉት ሁለቱ አንደኛዋ የመምህራን ኮሌጅም አመልክታ ኖሮ እሱን መርጣ ሄዳለች። ቦታው የእኔ ነው፤ ነገ ከሰዓት በፊት ባሕር ዳር ተገኝቼ ካልተመዘገብሁ ግን ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ጎረቤታችን መልእክቱን ሁለት ጊዜ ደገመችው፤ ሁለተኛው ጊዜ ላይ እኔ ጮኼ ስለነበር አልሰማሁትም። እናቴ እልል አለች፤ ምን እንደሆነ የጠየቀችው ከእልልታው በኋላ ነው። አባቴ ክምሩ ላይ ቆሞ ነበር። ነዶውን ከእጁ አላወረደም።

«ስንት ዓመት ነው?» አለኝ ከላይ።

«አንድ ዓመት።»

«ለሁለት እግር አንድ ዓመት ሙሉ?»

«ለሁለት እግር።»

የያዘውን ነዶ ከቦታው ላይ አስተካክሎ አስቀመጠና በእግሩ ረገጥ ረገጥ አደረገው። ሲያስብ የነበረ ይመስላል። እኔ ከሥር አንጋጥጬ ስጠብቀው ገለባው ዐይኔ ላይ ይረግፍ ነበር።

«እንግዲህ መኪናው የሚነሣው ጎሕ ሲቀድ ነው» አለ። «እስከ መንገዱ ድረስ እኔ አደርስሻለሁ። አሁን ግን ነዶ አቀብይኝ፤ ዛሬ ገና እዚህ ነሽ።»

አቀበልሁት። የዚያን ዕለት ያቀበልሁትን ያህል ነዶ በሕይወቴ አቀብዬ አላውቅም።